ሃምሳ ፍሬ የበርበሬ ዘር፦ የጓሮ አትክልተኛ ከውጭ ዘር ለማስገባት የሚጠየቀው ፈቃድና ከጀርባው ያለው ስሌት

መነሻ

ከአገር ቤት የመጣ የበርበሬ ዘር በሰው አገር ጓሮ መዝራት ቀላል የሚመስል ፍላጎት ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየጓሯቸውና በጋራ ማሳዎች ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ ያለማሉ፤ የማረቆን ወይም የአላባን በርበሬ ቀለምና ጣዕም ከዚያው ማሳ ለማግኘት የሚሹም አሉ። ፍላጎቱ በጥቂት ግራም የሚለካ ነው። ዘሩ ድንበር ሲሻገር የሚገዙት ሕጎች ግን በአብዛኛው ለመርከብና ለአውሮፕላን ጭነት የተነደፉ ናቸው።

የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ይህንን አለመመጣጠን በመገንዘብ ለአነስተኛ መጠን ዘር የተለየ ፈቃድ አዘጋጅቷል። ሆኖም ይህ ፈቃድ ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ለበርበሬ ዘር የቀድሞውን ያህል አይጠቅምም። ይህ አጭር ጽሑፍ ፈቃዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ በርበሬ ከሌሎች አትክልቶች ለምን እንደተለየና የመነሻው አገር ሕግ ምን እንደሚጠይቅ ያስረዳል። መከራከሪያ ነጥቡም ይህ ነው፦ በበርበሬ ዘር ላይ የተጣለው ጥብቅ ቁጥጥር የቢሮ አሠራር ግትርነት ብቻ ሳይሆን የናሙና አወሳሰድ ስሌት ውጤት ነው፤ የስሌቱ ጫና ግን ከሁሉ በላይ የሚያርፈው በገበሬው እጅ ባሉት የአካባቢ ዝርያዎች ላይ ነው።

ሦስት ሰነዶች፣ ሦስት ጥያቄዎች

ስለ ዘር ማስገባት በሚደረጉ ውይይቶች «ፈቃድ» የሚለው ቃል የተለያዩ ሰነዶችን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይይዛል። አንደኛው የማስገቢያ ፈቃድ ነው። የሚሰጠው ተቀባዩ አገር ሲሆን፣ ይህ የዕፅዋት ዓይነት ከዚህ አገር ወደዚህ ሰው እንዲመጣ ይፈቀዳልን? ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው። ይህንን የሚሰጠው የላኪው አገር የዕፅዋት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥያቄውም ይህ የተወሰነ ጭነት ተመርምሮ ከተባይና ከበሽታ ነጻ ሆኖ ተገኝቷልን? የሚል ነው። የሰነዱ ይዘትና ቅርጽ በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥር በወጡ መለኪያዎች ተወስኗል። ሦስተኛው የመነሻው አገር የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ ነው። እርሱም ዘሩ የማን ሀብት እንደሆነና በምን ውል ከአገር እንደሚወጣ ይመለከታል።

ሦስቱ ሰነዶች አንዱ ሌላውን አይተካም። የማስገቢያ ፈቃድ የያዘ ሰው ዘሩ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ የለውም። የጤና ምስክር ወረቀት ያለው ሰውም ዘሩን ከአገር ለማውጣት መብት አግኝቷል ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የሚነሡት ችግሮች በአብዛኛው የሚመነጩት አንዱን ሰነድ በሌላው ቦታ ከማየት ነው።

የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ አሠራር

በዩናይትድ ስቴትስ ጉዳዩ የሚመለከተው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የእንስሳትና የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር አገልግሎት፣ በምሕጻሩ ኤፊስ ነው። ሥልጣኑን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው የዕፅዋት ጥበቃ ሕግ ነው። ለመትከያ የሚገባ ዘር ሁሉ ከላኪው አገር የጤና ምስክር ወረቀት እንዲኖረው በሚያዘው ደንብ ምክንያት፣ በትንሽ ፓኬት ዘር የሚለዋወጡ አትክልተኞች፣ የዕፅዋት ማኅበራትና ተመራማሪዎች ተቸግረው ነበር። ለአንድ ፓኬት ዘር የባለሙያ ምርመራና ምስክር ወረቀት ማግኘት ከዘሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ወጪና ድካም ይጠይቃልና። የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ የተዘጋጀው ይህንን ለማቃለል ነው። አመልካቹ ፒ.ፒ.ኪው. 587 በተባለው ማመልከቻ ፈቃድ ይጠይቃል። ሲፈቀድለትም ዘሩን ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ማስገባት ይችላል።

ሁኔታዎቹ ግልጽ ናቸው። አንድ ጭነት ከ50 ፓኬት አይበልጥም። እያንዳንዱ ፓኬት የአንድ ዓይነት ተክል ዘር ብቻ ይይዛል፤ መጠኑም ከ50 ፍሬ ወይም በክብደት ከ10 ግራም አይበልጥም። በፓኬቱ ላይ የሰብሳቢው ወይም የላኪው ስም፣ የመነሻው አገርና ቢያንስ የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ይጻፋል፤ የዝርያው ስም ቢጨመር ይመረጣል። ዘሩ በመድኃኒት ያልታሸ፣ ሽፋን ያልተቀባ፣ ከአፈር፣ ከፍሬው ሥጋ፣ ከገለባና ከነፍሳት የጸዳ መሆን አለበት። ከነዛላው ወይም ከነፍሬው የተላከ ዘር አይፈቀድም። ጭነቱም የሚላከው ወደ አትክልተኛው ቤት ሳይሆን ወደ ተወሰነ የዕፅዋት ምርመራ ጣቢያ ነው። ፈቃዱን የሚያገኝ ሰው ለዚሁ የተዘጋጀ የአድራሻ መለያ ይሰጠዋል፤ ጣቢያው ፓኬቱን ከፍቶ ከመረመረ በኋላ ያለፈውን ወደ ባለፈቃዱ ያስተላልፋል።

መንገደኛ በሻንጣው የያዘውን ዘርም በመግቢያው በር ለጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ባለሙያዎች ማሳወቅ ግዴታው ነው። ያሳወቀ ሰው የያዘው ነገር የማይገባ ሆኖ ቢገኝ በአብዛኛው የሚደርስበት ጉዳት ዕቃውን መነጠቅ ነው። የደበቀ ሰው ግን ለቅጣት ይጋለጣል። ሕጉ ሲወጣ ለንግድ ላልሆነ የግለሰብ የመጀመሪያ ጥፋት ያስቀመጠው የፍትሐ ብሔር ቅጣት ጣሪያ 1,000 ዶላር ነበር፤ ለሌሎች የሚጣለው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ይህ ሥርዓት በአንድ መሠረታዊ ግምት ላይ የቆመ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዘሩ ትንሽ በመሆኑ የጣቢያው ባለሙያ እያንዳንዱን ፓኬት በዓይንና በአጉሊ መነጽር ሊያየው ይችላል። ነቀዝ፣ የአረም ዘር፣ የአፈር ቅንጣትና የሻገተ ፍሬ ይታያሉ። የላኪው አገር ምስክር ወረቀት የቀረው የተቀባዩ አገር ምርመራ ይተካዋል በሚል ነው። ግምቱ የሚሠራው ግን አደጋው ለዓይን የሚታይ እስከሆነ ድረስ ነው።

በርበሬን የለየው ቫይረስ

እ.ኤ.አ. በ2014 በእስራኤል፣ በ2015 ደግሞ በዮርዳኖስ በቲማቲም ላይ እስከዚያ ያልታወቀ በሽታ ታየ። መንስኤው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ዘመድ የሆነ አዲስ ቫይረስ ሲሆን፣ የቲማቲም ቡናማ ሽብሽብ ፍሬ ቫይረስ ተባለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያና ወደ ሰሜን አሜሪካ ተዛመተ። ቫይረሱን አሳሳቢ ያደረገው በቲማቲም ውስጥ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከዘመዶቹ ሲከላከል የኖረውን ተቋቋሚ ዘረ መል ጥሶ ማለፉ ነው። በርበሬንና ቃሪያንም ያጠቃል። በበርበሬ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ተቋቋሚ ዘረ መሎች ግን ጉዳቱን ይገድባሉ።

የአተላለፉ መንገድ ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው የሚገኘው በዘሩ ፅንስ ውስጥ ሳይሆን በዘሩ ቆዳ ላይና ውስጥ ነው። ከተበከለ ዘር ወደ ችግኝ የመተላለፉ መጠን አነስተኛ ነው። ችግኙ ሲበቅልና ሲዛወር በሚደርስበት ጥቃቅን ቁስል ግን ሊገባ ይችላል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በእጅ፣ በመቁረጫ፣ በልብስና በማሰሪያ ገመድ ከተክል ወደ ተክል በቀላሉ ይዛመታል፤ በደረቀ ቅሪትና በአፈር ውስጥም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የታመመ ተክል የሚድንበት መድኃኒት የለም። በጓሮ ውስጥ በርበሬና ቲማቲም ጎን ለጎን መተከላቸው፣ አትክልተኛውም ሁለቱን በአንድ እጅ መንከባከቡ የተለመደ ነው። ስለዚህ የጓሮው ስፋት ማነስ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የተበከለ ዘር ከጤናማው በመልክ አይለይም። በጣቢያው ጠረጴዛ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚደረገው ምርመራ ለዚህ ቫይረስ ዕውር ነው። በዚህም ምክንያት ኤፊስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ባወጣው የፌዴራል ትእዛዝ የቲማቲምና የበርበሬ ወገን ዘሮች ከቫይረሱ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ተጨማሪ ማረጋገጫ በጤና ምስክር ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አዘዘ። የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ ዋና ጥቅም ምስክር ወረቀቱን ማስቀረት ነበር። ምስክር ወረቀቱ ራሱ የግድ ሲሆን ለበርበሬ የተረፈው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሶብላና ሌሎች በቫይረሱ የማይጠረጠሩ አትክልቶች ግን በሌላ ክልከላ እስካልተያዙ ድረስ በዚያው መንገድ ሊታሰቡ ይችላሉ።

የአውሮፓ ኅብረትም በተመሳሳይ ጊዜ በዚያው አቅጣጫ ተጉዟል። በቫይረሱ ላይ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ በኖቬምበር 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ከዲሴምበር 14 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ የመትከያ ዘር በጠቅላላው የጤና ምስክር ወረቀት የሚጠየቅ ሆነ። መንገደኛ በሻንጣው የሚይዘው አንድ ፓኬት ዘርም ከዚህ አልወጣም።

የናሙናው ስሌት

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የአትክልተኛው ዘር ትንሽ ከሆነ ለምን ያው ትንሽ ዘር በላቦራቶሪ ተመርምሮ አይገባም? መልሱ በስሌት ይገኛል።

ከአንድ የዘር ክምችት ውስጥ ከሺህ ፍሬ አንዱ ተበክሏል ብለን እናስብ። ከክምችቱ በዘፈቀደ ናሙና ብንወስድ፣ በናሙናው ውስጥ ቢያንስ አንድ የተበከለ ፍሬ የመገኘት ዕድል በናሙናው ብዛት ይወሰናል። ናሙናው 50 ፍሬ ቢሆን ዕድሉ 4.9 በመቶ ብቻ ነው። 1,500 ፍሬ ቢሆን 78 በመቶ ገደማ ይደርሳል። 95 በመቶ የሚሆነው ናሙናው ወደ 3,000 ፍሬ ሲጠጋ ነው። የቫይረስ ምርመራ መመሪያዎች 3,000 ፍሬን የተለመደ መጠን ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምርመራው ደግሞ ዘሩን ፈጭቶ ጭማቂውን መመርመር ነው፤ የተመረመረ ዘር አይዘራም።

ስሌቱን ከሌላው ወገን እንየው። ሃምሳ ፍሬ ተፈጭቶ አንድም ቫይረስ ባይገኝ በ95 በመቶ መተማመን ልንል የምንችለው የክምችቱ ብክለት ከ5.8 በመቶ አይበልጥም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መግለጫ ለአንድ የችግኝ ጣቢያ የሚያስተማምን አይደለም። የአንድ ሺህ የበርበሬ ዘር ክብደት ከአምስት እስከ ሰባት ግራም አካባቢ መሆኑን ብናስብ፣ የፈቃዱ ጣሪያ የሆነው 10 ግራም እንኳ ከ3,000 ፍሬ ያንሳል። ስለዚህ ፓኬቱን በሙሉ ለምርመራ ብንሠዋው፣ የሚዘራ ዘር አይተርፍም፤ የሚፈለገው የመተማመን ደረጃም ላይ አይደረስም።

የሚገርመው ያው ሃምሳ ፍሬ ለሌላ ዓላማ በቂ መሆኑ ነው። ከሃምሳ የተለያዩ ተክሎች አንዳንድ ፍሬ ዘር ቢሰበሰብና ተክሎቹ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው የሚያራቡ ናቸው ቢባል፣ በማሳው ውስጥ በ5 በመቶ ድግግሞሽ የሚገኝን ዘረ መል የመያዝ ዕድሉ 92 በመቶ ነው። በርበሬ እንደ አካባቢውና እንደ ነፍሳቱ ብዛት በእርስ በርስ መዳቀልም ስለሚራባ፣ ዕድሉ በተግባር ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። በአጭሩ ሃምሳ ፍሬ የአንድን የአካባቢ ዝርያ ባሕርይ ይዞ ለመሻገር ይበቃል፤ ጤንነቱን ለማስመስከር ግን አይበቃም።

ከዚህ ችግር መውጫ የሚሆነው ምርመራውን ከዘሩ ወደ እናት ተክሉ ማዛወር ነው። ዘሩ የሚወሰድበት ተክል በማሳ ሳለ ቅጠሉ ቢመረመር ዘሩ አይጠፋም። የምርት ቦታው ከቫይረሱ ነጻ መሆኑ ቢረጋገጥም ያው ነው። ይህ ግን የዘሩን ትውልድ ማወቅን ይጠይቃል። አንድ የዘር ኩባንያ እናት ተክሎቹን በቁጥር ያውቃቸዋል። ከገበያ በኪሎ የተገዛ ዛላ ግን የበርካታ ማሳዎች ድብልቅ ነው፤ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ተክል እንደመጣ የሚናገር የለም። ደንቡ በቃሉ ገለልተኛ ነው፤ በተግባር ግን በሰነድ የተያዘውን የኩባንያ ዘር ያሳልፋል፤ በቃልና በልምድ የተያዘውን የገበሬ ዘር ያስቀራል።

የመነሻው አገር ሕግ

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ የማይጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን እንዲሁም የማኅበረሰብ መብቶችን ደንግጋለች። በአዋጁ መሠረት የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ይህንን የሚያስተዳድረው ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በመባል የሚታወቀው ተቋም ነው። አዋጁ በአገር ውስጥ ማኅበረሰቦች መካከል የሚደረገውን ልማዳዊ የዘር ልውውጥ አይነካም። ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥ ምርትንም፣ በጄኔቲክ ሀብትነቱ ጥቅም ላይ እስካልዋለ ድረስ፣ ነጻ ያደርጋል።

ዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. የ1992ቱን የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ብትፈርምም አላጸደቀችም። ስለዚህም በአሜሪካ የሚሰጠው የማስገቢያ ፈቃድ የኢትዮጵያን የማውጫ ፈቃድ መኖር አያጣራም። አትክልተኛው በተቀባዩ አገር ሕግ ንጹሕ ሆኖ በመነሻው አገር ሕግ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። የበርበሬ ወገን መገኛው ራሱ የአሜሪካ አህጉር መሆኑ ነገሩን አያቀለውም። ሕጉ የሚጠብቀው የወገኑን ጥንታዊ መገኛ ሳይሆን፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለዘመናት እየመረጡ ያቆዩትን ልዩ ባሕርይ ነው። የዱቄቱ ቀለም፣ የዛላው ውፍረት፣ የማቃጠል ልኩና የቆላና የወይና ደጋ ተስማሚነቱ የዚህ ምርጫ ፍሬዎች ናቸው።

ለምግብ የገባ ዛላ

በተግባር ብዙ ዘር የሚሻገረው «ዘር» ተብሎ ሳይሆን «ቅመም» ተብሎ ነው። በኳራንቲን ሕግ አንድ ምርት የሚመዘነው በታሰበለት አገልግሎትና ባለፈበት የማዘጋጀት ሂደት ነው። የተፈጨ በርበሬ አይበቅልም፤ ስለዚህ አደጋው ዝቅተኛ ነው። ደርቆ ያልተፈጨ ዛላ ግን ውስጡ ሕያው ዘር ሊኖረው ይችላል። ለወጥ የመጣው ዛላ ተፈልፍሎ ሲዘራ አገልግሎቱ ይለወጣል። ሲገባ የተደረገለት ምርመራ ግን ለመትከያ ዘር የሚደረገው አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የኢትዮጵያ አዋጅም ለፍጆታ የሰጠው ነጻነት እዚሁ ነጥብ ላይ ያበቃል። አትክልተኛው ምንም ሳይደብቅ፣ ያስገባውን ነገር አገልግሎት በመለወጡ ብቻ የሁለቱንም አገሮች ደንብ ዓላማ ሊስት ይችላል። አብዛኛው ሰው ይህንን ሳያውቅ የሚያደርገው መሆኑ ደግሞ የማስተማርን አስፈላጊነት ያሳያል።

የቀሩት መንገዶች

ለጓሮ አትክልተኛ በጣም ቀላሉ መንገድ ከዚህ በፊት ገብቶ በአገር ውስጥ የተራባውን ዘር መፈለግ ነው። በአሜሪካ ያሉ አነስተኛ የዘር ሻጮችና የዘር ጠባቂዎች የኢትዮጵያ ቡናማ በርበሬ በሚል ስም የሚታወቅ ዘር ይሸጣሉ። የስያሜው ትክክለኛነት በየሻጩ ሊለያይ ስለሚችል የዘሩን ትውልድ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ ለተመራማሪዎች የሚሆን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ሥርዓት የበርበሬ ክምችት በጆርጂያ ግዛት በግሪፊን ከተማ ይገኛል፤ በውስጡም ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ናሙናዎች አሉ። ክምችቱ የሚያገለግለው ለምርምር፣ ለዝርያ ማሻሻልና ለትምህርት እንጂ ለጓሮ ፍላጎት አይደለም።

ሦስተኛውና አስቸጋሪው መንገድ ሕጋዊ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ መከተል ነው፦ ከኢትዮጵያ የማውጫ ፈቃድ፣ የቫይረሱን ነጻነት የሚያረጋግጥ የጤና ምስክር ወረቀት፣ ከዚያም የአሜሪካ ማስገቢያ ፈቃድ። ለዚህ የሚቀርበው ዘር እንደ ማረቆ ፋና ወይም መልካ ሾቴ ያለ የታወቀ የተለቀቀ ዝርያ ቢሆን ትውልዱን ማስረዳት ይቀላል። የትኛውንም መንገድ የሚመርጥ ሰው የፌዴራል ትእዛዞች በየጊዜው እንደሚሻሻሉ አውቆ፣ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ኤፊስ የሚያወጣውን የማስገቢያ መስፈርቶች መዝገብ በዕለቱ መመልከት አለበት።

ማጠቃለያ

የአነስተኛ መጠን ዘር ፈቃድ መልካም ሐሳብ ነበር፤ ዛሬም ለብዙ ተክሎች መልካም ነው። የቆመበት ግምት፣ ማለትም ትንሽ ነገር በቀላሉ ይመረመራል የሚለው፣ ለዓይን በሚታይ ተባይ ላይ ይሠራል። በማይታይ ቫይረስ ላይ ግን ይገለበጣል፤ ጭነቱ ባነሰ ቁጥር ጤንነቱን ማስመስከር ይከብዳልና። የበርበሬ ዘር ከፈቃዱ ጥላ ሥር የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ከዚህ ይነሣል። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ የአካባቢ የበርበሬ ዝርያዎች በሚመረቱባቸው አካባቢዎች የዚህን ቫይረስና የዘመዶቹን መኖር አለመኖር በአስተማማኝ ናሙና ማጥናት፣ የምርት ቦታን መሠረት ላደረገ ማረጋገጫ መነሻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እናት ተክልን በቅጠል መርምሮ ከጥቂት የታወቁ ተክሎች ዘር የመሰብሰብ አሠራር ለገበሬው በሚሆን ወጪ ሊፈተሽ ይገባል። ሦስተኛ፣ ከአዋጅ ቁጥር 482/1998 ጋር የሚስማማ፣ ዝርያውን ያቆየው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ የሚሆንበት የአነስተኛ መጠን የዘር ማውጫ ሥርዓት በብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል ሊታሰብ ይችላል። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ የማረቆ ገበሬ ዘር በሕጋዊው በር ለመግባት ይቸገራል፤ በቅመም ከረጢት ውስጥ መሻገሩን ግን አይተውም። ያ መንገድ ደግሞ የኳራንቲኑን ዓላማም የገበሬውን መብትም አይጠብቅም።